ሰክሯል ያሉት ሰው

ሱለይማን ከኩርሙክ መስመር ሹፌርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ረፋዱን የሚያሳልፈው አሶሳ ገበያ ዳር፣ በወዳጁ በደባልቄ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ደባልቄ በሰፈራው ጊዜ በልጅነቱ ከወሎ የመጣ ነው። ሁለቱ በመኪና ነገር ሲጨቃጨቁና ሲታረቁ አብረው አርጅተዋል።

የዚያን ቀን ሱለይማን ከወንበሩ ሊነሳ ሲል መሬቱ ዘመመበት። ግድግዳውን ሊይዝ ቢል ቀኝ እጁ አልታዘዘውም፤ ተንገዳግዶ የዘይት ጀሪካኖቹ ላይ ወደቀ። "ደባልቄ፣ ያዘኝ" ማለት ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን የተጎተተ፣ ለራሱም ያልገባው ድምፅ ነው።

ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች ሳቁ። "ሽማግሌው ዛሬ ከየት ቀምሰው ነው?" አለ አንዱ።

ደባልቄ ሮጦ መጥቶ ብብቱን ይዞ አነሳው። ሱለይማን እፎይ አለ። ደባልቄ ግን ጆሮው ሥር ጠጋ ብሎ፣ "ምን ነካህ? አንተን የሚያህል ሰጋጅ! በጠራራ ፀሐይ?" አለው። "ና ግባ፣ ሰው አይይህ።"

እየጎተተ ጓዳ አስገባው፤ ካርቶን አነጠፈለትና በሩን ከውጭ ቀረቀረው።

ሱለይማን በዕድሜው አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። አሁን አሮጌ ጎማ መሃል ተጋድሞ፣ ደባልቄ ለደንበኞች "ትንሽ ደክሞት ነው" እያለ ሲዋሽለት ይሰማል። ገመናዬን ሸፈነልኝ እኮ! ና አፌን አሽትት፣ አንተ ደንቆሮ! እያለ በሆዱ ጮኸ። ንዴቱ ደረቱን ሊያፈነዳው ደረሰ። በደህና እግሩ በሩን ደበደበ።

"ተኛ በቃ፣ ይለቅሃል!" አለው ደባልቄ።

ለምሳ ሳይመጣ የቀረባት ልጁ ኢንቲሳር ፍለጋ ስትወጣ ከሰዓት በኋላ ሆኗል።

"አባቴስ?"

"አትቆጪው፤ ትንሽ ጠጥቶ…"

"ማን? አባቴ?" ገፍትራው ገባች። የአባቷ አፍ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። "ያባ፣ እጆችህን አንሳ።" ግራው ተነሳ፤ ቀኙ ካርቶኑ ላይ ቀረ።

"ይሄ ነው ስካር?" ጩኸቷ ገበያውን አቆመው። "የታመመ ሰው ትቆልፋለህ? ለከብት እንኳ ሰው ይጠራል!"

ቅድም የሳቁት ሾፌሮች ተሸክመው ባጃጅ ላይ ጫኑት።

ሆስፒታል የተቀበላቸው ሐኪም ስትሮክ መሆኑን ነገራቸው። መቼ እንደጀመረው ጠየቀ። ኢንቲሳር "ረፋድ ላይ" ስትለው ፊቱ ተለወጠ። "እንዲህ ያለውን ወዲያው ነበር ማምጣት፤ ብዙ ሰዓት አምልጦናል" አለ።

ሱለይማን ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ቃላት ጥቂት በጥቂት ሲመለሱለት፣ ደባልቄ ሙዝ ይዞ፣ የሰፈር ሽማግሌ አስከትሎ መጣ።

"ስምህን ላድን ብዬ ነው እኮ፣ ወላሂ!" ብሎ አለቀሰ።

"ስሜን…" ሱለይማን ምላሱን ታገለው። "እጄን… ወሰድክ። ምን ሆንክ… ብለህ… አልጠየቅክም።"

"በላ ይቅር በለው፣ የዕድሜ ልክ ወዳጅህ ነው" አሉ ሽማግሌው።

"ሂድ!" አለ ሱለይማን ደባልቄን እያየ። ይቺ ቃል ሳትንተባተብ ወጣች።

ኢንቲሳር ሙዙን መልሳ አስታቅፋ ሸኘችው። ስትመለስ አባቷ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ለመቆም እየታገለ ነበር፤ ዓይኑ በንዴት ቀልቷል። ልትደግፈው ሮጠች።

"አትያዢኝ!"

ወደቀ። አነሳችው። ገና ትንፋሹ ሳይመለስ እንደገና እንድታቆመው በዓይኑ አዘዛት።