ወራጅ አለ

አንዳንድ ጊዜ ብል ውሸት፣ በፍጹም ብልም ውሸት፣ የክሊኒኩ ሲስተር ዶርቃስ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች፣ ልጅሽ የምትፈልገውን በቃል ትነግርሻለች ወይ ነው የቅጹ ጥያቄ፣ ሃዋኒዬ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የወንበሩን ጎማ ታሽከረክራለች፣ አምስት ዓመቷ ነው። ስሟን ስጠራት ትዞራለች? በፍጹም ብያለሁ። በጣቷ ትጠቁማለች? በፍጹም። በፍጹም የምትለዋን ቃል ስደጋግማት አፌን መረረኝ። ጆሮዋ ተመርምሯል፣ ደህና ነው፣ ጠበሉንም ሞክረናል፣ አማቴ ደግሞ ተዪያት፣ ሌንጮም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው ትለኛለች፣ ሌንጮ ባሌ ነው፣ የአምቦ ጊንጪ ሚኒባስ ሾፌር፣ ዛሬ ዝም በል ብትለው የማይሰማህ ሰውዬ።

አምና ነው ጉዱ የመጣው። አንዱ ባለሙያ ሁለት ቋንቋ አደናግሯት ነው፣ አንዱን ተዉላት አለን። የትኛውን? እኔ ብልጧ፣ ሐኪሞቹ የሚያናግሯት በአማርኛ ነው ብዬ ኦሮምኛውን ተውኩ፣ አፌን የፈታሁበትን፣ ኢንተላ ኮ ልላት ምላሴ ላይ ሲመጣ እየዋጥኩ ልጄ እላታለሁ፣ ኮቱ ኢንተላ ኮ ሳይሆን ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ ልጄ፣ እንደ ቢሮ ደብዳቤ፣ ዓመት ሙሉ ልጄን በገዛ አፌ አላባበልኳትም።

ማነው ተዉ ያላችሁ፣ ትላለች ሲስተር፣ ቋንቋ ልጅ አያሳምምም እኮ የሃዋኒ እናት፣ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፣ ግን በአንድ ቀን አይታወቅም፣ ደጋግሜ ላያት ይገባል።

ኦቲዝም። ቃሉን ስፈራው ከረምኩ፣ አሁን መጣና ከወንበሬ አልጣለኝም፣ እንባዬን ያመጣው ዓመቱ ነው፣ ያ ሁሉ የዋጥኩት ኢንተላ ኮ፣ በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን እጠርጋለሁ።

ቀሚሴ ተሳበ። ሃዋኒ ናት፣ እኔን ሳይሆን በሩን እያየች፣ ወራጅ አለ ትላለች።

ሲስተር ፈገግ ትላለች፣ የሰማችውን ትደግማለች ብላ ልትጽፍ ነው፣ እሑድ እሑድ አባቷ ሚኒባስ ላይ ከረዳቱ የለቀመችው ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ረዳቷ እያለ ይስቅባታል፣ እኔም እስቃለሁ፣ እስቃለሁ ግን ቆይ፣ ፀጉሯን ሳጥባት ውሃው ሲበዛባት ወራጅ አለ፣ የጎረቤታችን የጂራ ሠርግ ድንኳን ውስጥ ሙዚቃው ሲጮህ ጆሮዋን ይዛ ወራጅ አለ፣ ጀርባዬ ላይ ሲሰለቻት ወራጅ አለ፣ መቼ በከንቱ ብላው ታውቃለች? በቃኝ ማለቷ ነው። አውጡኝ ማለቷ ነው። እኔ ደደቧ እማዬ የሚል ቃል ስጠብቅ ልጄ ስታወራኝ ኖራለች።

ሲስተር፣ እባክሽ እሱን አትጻፊው፣ ትነግረኛለች፣ በራሷ ቃል ትነግረኛለች፣ ሲበቃት ነው እንዲህ የምትለው።

እስክሪብቶው ቆመ። ሲስተር እንደገና ንገሪኝ ትለኛለች፣ መቼ መቼ ነው የምትለው፣ እኔም ፀጉሩን፣ ድንኳኑን፣ ጀርባዬን አንድ በአንድ እነግራታለሁ፣ የምትጽፈው ከቅጹ ጠርዝ ላይ ነው፣ ቅጹ ለዚህ ቦታ የለውም።

ወራጅ አለ፣ አሁን ጮክ ብላ።

ጎንበስ እላለሁ፣ ኤዬ ኢንተላ ኮ፣ ቡኢ፣ እሺ ልጄ ውረጂ ማለቴ ነው፣ ድምፄ ከዓመት በኋላ የራሴ ሆኖ ወጣ፣ አትዞርም፣ ዓይኔንም አታይም፣ ትንሿን ጣቴን ጨብጣ ወደ በሩ ትጎትተኛለች፣ ሄድኩልሽ የኔ እናት፣ ሲስተር ግን ልጅ ሮጦ እንዳይወጣባት በሩን ቆልፋለች፣ ቁልፉ ጠረጴዛዋ ላይ፣

ሲስተር፣ ወራጅ አለ።