ሻዩ እስኪፈላ

ፖሊሶቹ መጀመሪያ ቤታችንን ያንኳኩት ዕቃችንን ከካርቶን አውጥተን ሳንጨርስ ነው። በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ከትከሻዋ በላይ ሁለት ሰዎች አየሁ። አንዱ ወፈር ያለ፣ ፊቱ የደከመ ፖሊስ ነው። ሌላዋ ከስልኳ ላይ ቀና የማትል ወጣት ባልደረባው ናት።

«ምንም ችግር የለም እናቴ፤ ለሰላምታ ነው የመጣነው» አለ ወፍራሙ።

ለሰላምታ የሚመጣ ፖሊስ እናቴ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ስትፈራ መዳፏን ያልባታል። ሌላ ሰው ሲፈራ በሩን ይዘጋል፤ እናቴ ግን ስትፈራ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍታለች።

«ሰላምታ ከደጅ ነው እንዴ? ግቡ እንጂ፣ ሻይ ልጣድ!»

«አይ፣ ብዙም አንቆይም...»

«አፈር ስሆን! ሻዩ እስኪፈላ ብቻ።»

ገቡ። ወጣቷ ብርጭቆውን አልነካችም። ወፍራሙ ግን ሁለት ማንኪያ ሙሉ ስኳር ጨምሮ እያማሰለ ጠጣ፤ ስለ ወገቡ ሕመም አወራ፤ ስለ ልጆቹ ተጠየቀ። ከወጡ በኋላ እናቴ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«አየሽ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቤትሽ ቁጭ ብሎ ሻይ የጠጣ ሰው ፊትሽን ያውቀዋል። የወንድምሽንም ፊት ይወቀው። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

ነገሩ ሁሉ ወንድሜ ላይ ነበር የሚያርፈው። ጋሼ በልጅነቱ ማጅራት ገትር ታሞ ሲተርፍ ጆሮውን ከፍሎ ነው የተረፈው። ምንም አይሰማም። ሶፋ ሠሪ ነው። ይህን ቤት የተከራየነውም በስተኋላው እንጨትና ስፖንጅ የሚችል ሰፊ መጋዘን ስላለው ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ጋሼ በአንድ አምፖል ብርሃን፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ጨርቁን እንጨቱ ላይ እየወጠረ በስቴፕል መምቻው ይመታል። መምቻው ጥቁር ነው፤ እጀታና ቃታ አለው። ከሩቅ ላየው ሽጉጥ ይመስላል። ለማያውቀው ሰው ከቅርብም ሽጉጥ ነው።

እናቴ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው አፍ አውጥታ የተናገረችው። «አንድ ቀን ከጀርባው ‹ቁም!› ይሉታል» አለች፣ «እሱ ደግሞ መቼም አይቆም።» ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም፤ እኔም አላነሳሁትም። ግን ከመንገድ ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ መጋዘኑ ኮሪደር ነው የሚሄደው።

በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር። እኛም ለወፍራሙ ስም አወጣንለት፤ «ሁለት ስኳር» አልነው። ጋሼ እኔና እናቴ ብቻ በምናውቀው የእጅ ቋንቋው፣ ሁለት ጣቱን ብርጭቆ ውስጥ እንደሚከት አድርጎ፣ ሆዱን ነፍቶ ያሳየናል። ሁለት ስኳር ራሱ አንድ ቀን ይህን አይቶ «እኔን ነው አይደል?» ብሎ ሲስቅ ሻዩ ትን አለው። ጋሼም መጋዘኑ ድረስ ይዞት ሄዶ ያልጨረሰውን ሶፋ አሳየው። ሁለት ስኳር ተቀምጦ ዘለል ዘለል አለበት። እናቴ ያን ቀን ወጥ ቤት ገብታ ብቻዋን ፈገግ ስትል ያዝኳት።

እኔ ግን አልቀለለኝም። ለምን እንደሚመጡ የነገረን የለም። ሰው መጠየቅ ያስፈራኛል፤ ለባለሱቅ እንኳን መልሱን አጎደልክ ለማለት አፌ ይተሳሰራል። አንድ ቀን ግን እናቴ ወጥ ቤት ሳለች፣ ወጣቷም ደጅ ቆማ ስልክ ስታወራ፣ ለብቻው አገኘሁትና ጠየቅሁት።

«ለምንድን ነው እኛ ቤት የምትመጡት?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እናንተ አይደላችሁም እህቴ፤ ቤቱ ነው። ከእናንተ በፊት የነበሩት ባልና ሚስት ሲደባደቡ ጎረቤት በየጊዜው ይደውል ነበር። ኮምፒውተሩ ለቤቱ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥብ ያለበትን ቤት ሂዱና እዩ ይለናል፣ እንሄዳለን። ከወንጀል በፊት መድረስ ነው ነገሩ።»

«እነሱ እኮ ለቀዋል።»

«ቤቱ አልለቀቀማ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ሊያጽናናኝ ፈልጎ ካርታውን አሳየኝ። «ይኸውልሽ፣ ስትገቡ ቢጫ ነበራችሁ። አሁን...» የስልኩን መስታወት በጣቱ ጠረገ፤ መልሶ ጠረገ። «ብርቱካንማ ሆናችኋል።»

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስታትስቲክስ ነው። ፈርቼም ቢሆን ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቅሁ። «ስትገቡ ስልኩ ላይ ምን ትነካላችሁ?»

«‹ገብቻለሁ› የሚለውን።»

«ስትወጡስ?»

«‹ወጥቻለሁ› የሚለውን።»

«በመሃል ያለውን ጊዜ ምን ያደርገዋል?»

«ይቆጥረዋል» አለ። ፖሊስ ሰላም ያለበት ቤት አይቆይም፤ ሰላም ብሎ ይሄዳል። የሚቆየው ጠብ ሊያበርድ፣ ሰው ሊይዝ፣ ቃል ሊቀበል ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ይህን ነው። ስለ ሻይ የነገረው የለም። ነገሩ ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን መሰለኝ፤ እሱ ብርጭቆውን አየ፣ እኔ እሱን አየሁት። የወገቡን ሕመም ያወራበት፣ የልጆቹን ፎቶ ያሳየበት፣ ሶፋ ላይ የዘለለበት ደቂቃ ሁሉ እኛው ላይ ሲቆለል ከርሟል።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ገባች። «ልድገምህ የኔ ልጅ?»

«ይበቃኛል እናቴ» አለና ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። «ቀይ ከሆነ ከእጄ ይወጣል። ቀይ ቤት የሚሄዱት ሌሎች ናቸው። እነሱ ደግሞ አያንኳኩም።»

እውነቱን ለመናገር ሁለት ስኳር ሞክሯል። በቀጣዩ ሳምንት ከመቀመጡ በፊት ‹ወጥቻለሁ› የሚለውን ነካ። አለቃው ግን ስልኩ ያለበትን ቦታ ከቢሮው ሆኖ ያያል፤ «ወጣሁ ብለህ እዚያው ቤት ምን ትሠራለህ?» ብሎ አፋጠጠው። እኔም ጣቢያ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት በጨዋ አንደበት አስተናገደችኝ።

«ማንም እናንተን አልከሰሰም» አለችኝ።

«ነጥቡ እንዲነሳልን ነው የመጣሁት።»

«ያልተከሰሰ ሰው በምን ነጻ ይባላል እህት? ክስ ቢኖር ኖሮ ማስተካከል ይቻል ነበር።»

ይህን ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ተቆጣች። «ሻይ አፍልቼ ነው ወንጀለኛ የሆንኩት?»

«እማዬ፣ ማሽኑ...»

«ማሽኑ እናት የለውም?» አለች። ከዚያ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ጋሼን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ እንዲሠራ ለመንኩት። ብርሃኑ ከኋላው ሆኖ ጥላው እንደሚያስቸግረው አሳየኝ። የምፈራውን ሳስረዳው መምቻውን አንስቶ ወደ ጣሪያው አነጣጠረና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ፈሪ መሆኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቃል፤ የማልፈራው ነገር ምን እንዳለ ጠይቆኝ ያውቃል።

ሌሎቹ የመጡት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እናቴ የታጠበ ልብስ ልታሰጣ በሩን ገና ገርበብ ስታደርገው ከውጭ ተገፋ። የወደቀውን ሳፋ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ብዙ ጫማ። ሁለት ስኳር መካከላቸው አልነበረም። ፊታቸው የተሸፈነ፣ የራስ ቁር ያደረጉ ሰዎች ናቸው፤ የማውቀው አንድም ዓይን የለም።

«እጅ ግድግዳ ላይ! እጅ ግድግዳ ላይ!»

እናቴን በሩ አጠገብ፣ ከመብራት ቆጣሪው ሥር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞሯት። እኔን ኮሪደሩ መሃል አገኙኝና ከግድግዳው ጋር አጣበቁኝ። ጉንጬ ቀዝቃዛው ቀለም ላይ ነው። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ክፍት ከሆነው መጋዘን፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣል። ጋሼ እየሠራ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አንዱ።

«ወንድሜ ነው» አልኩ። አልሰሙኝም። ደግሜ ሞከርኩ፤ የጫማቸው ኮቴ ድምፄን ዋጠው። በአጠገቤ አልፈው ሄዱ። ከግድግዳው ፊቴን ሳላነሳ በአንድ ዓይኔ አያለሁ፦ የጋሼ ጀርባ፣ ከአምፖሉ በታች ጎንበስ ያለው አንገቱ፣ ቀኝ እጁ ላይ ያ ጥቁር ነገር።

«ፖሊስ! የያዝከውን ጣል!»

ጠቅ።

«ጣል አልኩህ! እጅህን አሳይ!»

ጠቅ፣ ጠቅ።

«አይሰማም!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ጆሮው አይሰማም! ሶፋ ነው የሚሠራው!»

ግን እነሱም ይጮሁ ነበርና ማን ማንን ይሰማል? ከፊት ያለው ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ። የጠመንጃው አፈሙዝ የጋሼ ትከሻዎች መሃል ላይ ሲቆም አየሁ። ጋሼ መሥራቱን አቆመ። የወለሉ ንዝረት እግሩ ላይ ደርሶት ይሆናል። እኔ መጣሁ ብሎ አስቦ ሊዞር ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ። መምቻው እጁ ላይ ነው። አትዙር፣ አልኩ በሆዴ። ጋሼ፣ በእናትህ አትዙር።

መብራት ጠፋ።

መጋዘኑ ድቅድቅ ብሎ ጨለመ። ከበሩ በኩል አንድ ሰው እናቴ ላይ ሲጮህ፣ እሷም ስታቃስት ሰማሁ። ወዲያው ገባኝ። ግድግዳ ላይ አድርጊ ያሏትን እጅ ከፍ አድርጋ ቆጣሪውን አጥፍታዋለች።

ጋሼ አንድ ጊዜ በጨለማ ሲሠራ የገዛ አውራ ጣቱን መትቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር መምቻውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሻማ ይዤ እስክመጣ ይጠብቀኛል። ሁልጊዜ። እናቴ ይህን ታውቃለች። በዚያ ጨለማ ግን ጣቱ ቃታ ላይ ያለው ሰው አያውቅም። ከዚያ ብረት እንጨት ላይ ሲያርፍ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰማሁ።

«አስቀምጦታል!» አልኩ። «ሰማችሁ? አስቀምጦታል!»

የእጅ ባትሪዎቹ በሩ። ጋሼ በርጩማው ላይ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት ያጭበረብረዋል፤ እሱ ግን ፈገግ ብሏል። ሻማ የያዝኩት እኔ መስዬው ነው። ያ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ሲለቅ አየሁት፤ ብርሃኑ ብዙ መሆኑን ሲያይ፣ ከብርሃኑ ኋላ ያለውን ሲያይ።

ወለሉ ላይ አስተኝተው አሰሩት። ሶፋዎቹን ቀደዱ፤ ስፖንጁን አወጡ። ምንም አላገኙም። አለቃቸው መምቻውን አገላብጦ አይቶ መልሶ አስቀመጠና ገመዱን ከወንድሜ እጅ ፈታ። «እንዲህ ያለ ነገር ጨብጦ ጀርባ መስጠት ለእናንተም አደጋ ነው» አለን፤ እንደ ምክር። ከዚያ ሪፖርቱን ለመሙላት የእኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አየሁት። ገብተዋል፤ ገና አልወጡም። ደቂቃው ይሄዳል።

እናቴ ክንዷን ደግፋ ቆማ ነበር፤ ጠምዝዘውባታል። ዓይኗ ከሰውየው ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። እግሯ ሳታዘው ሲነሣ ደርሼ ያዝኳት።

«እማዬ፣ ተይው።»

ሁለት ስኳር ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብቻውን መጣ። አልገባም። ኮፍያውን እጁ ላይ እያሽከረከረ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ያን ቀን ተረኛ አልነበርኩም እናቴ» አለ። «ብኖር ኖሮ...» ከዚያ ሊቀልድ ሞከረ። «ዛሬስ ሻይ የለም?»

«አልቋል የኔ ልጅ» አለች እናቴ። «ሂድ። ቶሎ ሂድ።»

ቶሎ ሄደ። እናቴ ከበሩ ኋላ ሆና ኮቴው እስኪርቅ ካዳመጠች በኋላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ፊታችንን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር» አለች።

ጋሼ አሁን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው የሚሠራው፤ ጥላው እያስቸገረውም ቢሆን። እጁ እንደ ቀድሞው አይፈጥንም። ስለዚያ ቀን በጣቶቹም በፊቱም አንድም ነገር ነግሮኝ አያውቅም፤ እንደ ዳነ አድርጌ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስኩና ነበልባሉን በእጄ ከልዬ ኮሪደሩን አለፍኩ። መምቻው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጋሼ በርጩማው ላይ ተቀምጧል።

ሁለቱም እጆቹ ወደ ላይ ተነሥተዋል። ሻማውን ፊቴ ድረስ አስጠግቼ እኔ መሆኔን ባሳየውም አላወረዳቸውም።