ፍሬኑ ከተሠራ በኋላ

ገነቴ የባሏ ፒክአፕ ላይ አልወጣም ያለችው በሠርጓ ማግስት ነው። ምክንያቷን የሆሳዕና ከተማ በሙሉ ያውቀዋል። ሙሽራዋን የጫነችው ያቺ አሮጌ መኪና ድንኳን ተጥሎ፣ ሽማግሌ ተሰልፎ በሚጠበቅበት ደጃፍ መቆም አቅቷት፣ ዘማሪውንም ሽማግሌውንም አልፋ ቁልቁል ነጎደች። የቆመችው የሰው ድንች ማሳ ውስጥ ገብታ ነው። ሙሽሪትም ቬሎዋን ሰብስባ፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ትዳሯን ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ወላጆቿን ልትጠይቅ ጃጁራ ስትሄድ በአውቶብስ ተጨናንቃ ትሄዳለች፤ ባሏ ደግሞ በዚያው መንገድ ባዶ ጋቢና ይዞ ከኋላ ይከተላታል። ይህ ለአንድ ባለመኪና ምን ያህል እንደሚከብድ መኪና የሌለው ሰው አይገባውም።

ባሏ ተገኘ የእህል ነጋዴ ነው። ፒክአፗን ወደ አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ ገዝቶ ፎንቆና ሀቢቾ ገበያ ይመላለስባታል። በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ ሞተሯ ግን ደህና ነው። የሚጎድላት ፍሬን ብቻ ነበር። ፔዳሉን ደጋግመው ካልረገጡት አይዝም፤ ሲይዝም አንዱን ጎማ ይዞ ሌላውን ይተዋል። ስለዚህ ተገኘ ገበያ ሲደርስ የሚያቆማት ዳገት ፈልጎ ነው፤ እህል ያለው ተሸክሞ እዚያው ይመጣለታል። መንገደኛ እጁን ሲያነሳ በመስኮት መዳፉን ያወዛውዝና «ፍሬን የለም!» ብሎ ያልፋል። የገዛ አክስቱን እንኳ እንዲህ ብሎ አልፏታል። የቀበሌ ሰዎች ለስብሰባ ሕዝብ አጓጉዝልን ሲሉትም ያንኑ ነገራቸው። ምርጫ ቀርቦ ስለነበር፣ ሕዝቡ በሕይወት ያስፈልጋቸዋልና ተዉት።

በዚያ ዘመን ሠራተኛው ሁሉ በየመሥሪያ ቤቱ ይገመገማል። ተገኘ መሥሪያ ቤት ባይኖረውም ከግምገማ አላመለጠም፤ እራት በቀረበ ቁጥር ገነቴ ትገመግመው ነበር። በመጨረሻ የሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ የያሆዴ በዓል ሲቃረብ ግለ ሂስ አደረገ።

«እሺ፣ ፍሬኑን አሠራዋለሁ። ግን ጋቢና ከጎኔ ተቀምጠሽ ነው እናትሽ ቤት የምንሄደው» አላት።

«መጀመሪያ ትቁምና አያለሁ» አለችው።

መካኒኩ ኤፍሬም የፊት ጎማዎቹን አሮጌ ባለሸራ ፍሬን አውጥቶ፣ ከተገለበጠ አዲስ መኪና የተነቀለ ዲስክ ፍሬን ሊገጥምላት ተነሳ። ልኩ አልገጥም ሲለው ብረት እየቆረጠ፣ እየበየደ፣ መኪናዋን የሠራትን ሰው እየረገመ ሰነበተ። ሲጨርስ ቁልፉን ለተገኘ ሰጠውና «ነካ ብቻ አድርጋት» አለው። ተገኘ ግን ለዓመታት በለመደው ጉልበት ረገጣትና ግንባሩ ከመስታወቱ ጋር ተላተመ። ግንባሩ እያበጠ እሱ በደስታ ይስቃል። እብጠቱን ለገበያተኛው ሁሉ አሳየ። «ዲስክ ነው፤ በእግር ጣት ቀጥ ትላለች» ያላለው ሰው አልቀረም። ይህ አልበቃው ብሎ እሑድ ቤተክርስቲያን በምስክርነት ሰዓት ተነሳና በጉባኤው ፊት ጌታን ስለ ፍሬኑ አመሰገነ። ሰውየው ያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በበዓሉ ዋዜማ ገነቴ ለአተካና፣ ለበዓሉ የቡላ ምግብ የሚሆነውን የቅቤ ማሰሮ ታቅፋ ጋቢና ገባች። ጋቢናዋ ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፤ ተገኘም ከዚያ በላይ አልፈለገም። ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ከከተማው ሳይወጡ እጅ ተነሳ። የመዘምራኗ ጣቢታ ናት። ተገኘ በልማዱ መዳፉን አውጥቶ «ፍሬን...» እንዳለ ቃሉ አፉ ላይ ደረቀ። ጣቢታ ምስክርነቱን ስትሰማ ከሁሉም ቀድማ «ሃሌሉያ» ያለች ሴት ናት። ቆመላት፤ እሷም ከኋላ ወጣች። ከዚያ በኋላ በየመታጠፊያው እጅ ብቻ ሆነ። ለካ ድፍን ምእመን በዚያ ቀን ወደ ጃጁራ ጉዳይ ነበረው። አክስቱም በግ እየጎተተች ደረሰችና፣ ያለፈውን አንድ በአንድ እያስታወሰችው ተጫነች።

ሸለቆው ጋ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ባለቤት እትዬ እታለም ጉልበታቸው አብጦ፣ ምርኩዝ ይዘው ቆመዋል።

«እንደምትቆምልኝ አውቄ ነው ከጠዋት ጀምሮ የጠበቅሁህ፣ ልጄ» አሉት።

እሳቸውን ከኋላ ውጡ ማለት አይቻልም። ተገኘ ዞር ብሎ ገነቴን አየ። ገነቴ ማሰሮዋን ይዛ ወርዳለች።

እስከ ጃጁራ ድረስ እትዬ እታለም ስለ ጉልበታቸው አጫወቱት። በስፖኪዮው ገነቴ ከሴቶቹ መሐል ሆና ስትዘምር፣ ስትስቅም ይታየዋል። እሱ ዘንድ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ተገኘን ቅናት ያዘው፤ በገዛ መኪናው ጭነት ቀና።

በዓሉ አልፎ ሊመለሱ ሲነሱ ለብቻዋ ጠርቶ «ዛሬ ግን ማንም እጁን ቢያነሳ አልቆምም» አላት።

«ላለመቆም ነው ፍሬን ያስገጠምከው?» አለችው።

ተገኘ ሞተሩን አስነሳ። እሷም ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። መንገዱ ጭር ብሏል። ስለ እናቷ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለዚህም ስለዚያም አወሩ። ተገኘ መንገዱ ቶሎ እንዳያልቅበት ቀስ ብሎ ይነዳል። ያ ሁሉ ብየዳ ለዚህች ሰዓት ነበር፤ ቢጠይቁት ሌላም ዲስክ ያስገጥም ነበር።

ኩርባው ላይ ሕፃን ያዘለች ሴት እጇን አነሳች። አንዳቸውም አያውቋትም። ተገኘ ነዳጁን ጠበቅ አድርጎ ረገጠ። ገነቴ ዞር ብላ አየችው።

መኪናዋ ያለ ድምፅ፣ ከሴትዮዋ እግር ፊት ቀጥ አለች።

«ነይ ግቢ እህቴ፣ ልጁን ብርድ እንዳይመታው» አለች ገነቴ በሩን ከፍታ። ወርዳ ቦታዋን ለቀቀችላትና ከኋላ ወጥታ የጋቢናውን ጣሪያ መታ መታ አደረገች፤ ሂድ ማለቷ ነው። ተገኘ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ለማንሳት ትንሽ ዘገየ።