በበሩ ጥግ ያለው አግዳሚ

«ጸሎት ቤታችን ሳይገባ አይቀበርም አልኩ፤ አለቀ!» አለች ታምሲን፣ የሻይ ሲኒዋን ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጋ።

ፓስተር ፔንግሊ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ። ለመንደራችን ለትሬቫን አዲስ ናቸው፤ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። መጋረጃው ተጋርዷል። የባሏ የሄንደር ሬሳ ሳጥን በወዲያኛው ክፍል ሁለት ወንበር ላይ አርፏል። ለቅሶ የመጣነው ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን፣ ሳፍሮን የሚባል ቢጫ ቅመም የገባበት ዳቦ እያላመጥን ወለል ወለሉን እናያለን።

«ገብቶኛል፣ እትዬ ታምሲን» አሉ ፓስተሩ። «ግን ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት ድምፅ ሰጥቶ ጸሎት ቤቱን ዘግቶታል። ግድግዳው የሚታመን አይደለም። ቅዳሜ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያን...»

«ሄንደርን ከተማ ማን ያውቀዋል? ይልቅ አንድ ነገር ንገሩኝ። ሦስት ለሦስት ሆነው ነበር አሉ። ሰባተኛውን እጅ ያነሣው ማነው? ስሙን ንገሩኝና ቀብር ላይ ዓይኑን እንዳላይ።»

ፓስተሩ ወደ እኛ ዞሩ። እኛ ወደ ዳቧችን። ጎረቤቷ ሎቭዴይ «ሻዩ ቀዘቀዘ» ብላ ወደ ጓዳ ሸሸች፤ ሻዩ ግን ገና ይጨሳል። በመንደሩ ሙሉ ያንን ስም የማታውቀው ታምሲን ብቻ ነበረች። አይ እኛ! ሌላ ጊዜ ምላሳችን አያርፍም፤ የዚያን ቀን ሁላችንም አፋችንን ያዝን።

ጸሎት ቤቱን የሠሩት የአያቶቻችን አባቶች ናቸው። ከበሩ በላይ ያለው ድንጋይ 1843 ይላል። ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች የቆርቆሮ ማዕድን ሲቆፍሩ ይውሉና፣ ወጥተው ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ድንጋይ ይደረድሩ ነበር። ወደ መንገድ የሚያየውን ፊቱን በጥርብ ድንጋይ አሳመሩት፤ ሦስቱን ጎን ግን ከጉድጓዱ በወጣ ፍርስራሽ ገነቡት። ሴቶቹ በሽርጣቸው ተሸከሙ። መሠረቱን ሲያወጡ የሁለት ሰው ቁመት ወረዱ አሉ፤ ግንበኛው «ኧረ ቤት ነው የምትሠሩት ወይስ ቆርቆሮ ፍለጋ ነው?» ብሎ ጮኸባቸው። ምን ያድርጉ፣ የሚያውቁት መቆፈር ነው። ውስጡ በሦስት ጎን ሰገነት አለው፤ የሰባኪው ቦታ መሐል ላይ ነው። አራት መቶ ሰው ይይዛል። አሁን ሃያ ሦስት ሽማግሌና አሮጊት ቀርተናል።

እያንዳንዱ አግዳሚ የራሱ ትንሽ መዝጊያና ባለቤት ቤተሰብ አለው፤ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ያለው የታምሲን ነው። የእናቷ ነበር፤ ከዚያ በፊት የአያቷ። የፊቱ ሳንቃ ከታች ተልጧል። የላጠችው ሮዳ ናት፤ የታምሲንና የሄንደር አንዲት ልጅ። ስብከት ሲረዝምባት በጫማዋ ጫፍ ትመታው ነበር። ስድስት ዓመቷ ላይ በጉሮሮ በሽታ ሞተች። ሳንቃው ላይ ያለው ጭረት ቀረ። ታምሲን በየእሑዱ መዝሙሩ ሲጀመር ጎንበስ ብላ በጣቷ ትነካው ነበር፤ እኛም እንዳላየን እናልፋለን።

ታዲያ የዛሬ ዓመት ተኩል አንድ እሑድ፣ ሄንደር የመዝሙር መጽሐፏንና የመቀመጫ ትራሷን ከዚያ አንሥቶ በበሩ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ አደረጋቸው።

«ምን መሆንህ ነው?» አለችው ሰው እየሰማ።

«እዚያ ነፋስ አለ። ለወገብሽ አይሆንም።»

«ነፋስ? የበሩን ጥግ ትተህ እዚያ ነው ነፋስ ያለው? የልጄን ቦታ ነው የምታስለቅቀኝ?»

ሄንደር ትራሷን መታ መታ አድርጎ አስተካከለው። እሷም መጽሐፏን ሳታነሣ ወጣች፤ ሁለተኛም እዚያ አልገባችም። ቤት ውስጥም «ምሳህ ቀርቧል» ከማለት በቀር አላናገረችውም። ዓመት ተኩል ሙሉ! ማክሰኞ ጠዋት በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ወድቆ አገኙት፤ ልቡ ነው አሉ። ሬሳውን ስታጥብ ጣቶቹ ላይ ኖራ ነበር። ምን ሊሠራ እንደሄደ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

ሐሙስ ዕለት ሰዉ ሳሳ ሲል ጄቤዝ መጣ። ከሄንደር ጋር በአሥራ ሰባት ዓመታቸው አብረው ጉድጓድ የገቡ ባልንጀሮች ናቸው። ኮፍያውን አላወለቀም፤ አልተቀመጠም።

«ሰባተኛውን እጅ ያነሣው ባልሽ ነው» አላት።

«ውሸታም!»

«ባልሽ ነው፣ ታምሲን። ትራስሽንም ያነሣልሽ ለነፋስ ብሎ አይደለም። የሰደርያውን ኪስ ፈትሺና የጸሎት ቤቱን ቁልፍ አምጪ።»

ለቅሶ ላይ ያለች ሴት ቤቷን ጥላ ስትወጣ እኛ መንደር ታይቶ አያውቅም። ሎቭዴይ «ምን ይሉሻል!» እያለች እስከ አጥሩ ተከተለቻት፤ ታምሲን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ጄቤዝ በሩን ከፈተ። ውስጡ ርጥበት ርጥበት ይላል። ከመስኮቱ ቅስት ጀምሮ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ወርዷል፤ እጅ ያስገባል። የሚያልቀው ልክ ከሮዳ ቦታ በላይ ነው። በስንጥቁ ላይ ሄንደር ቀጫጭን የመስታወት ቁራጮችን ከዳር እስከ ዳር በኖራ አጣብቋል፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ በእርሳስ ቀን ጽፏል።

«ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል» አለ ጄቤዝ። «በተሰበረ ቁጥር አዲስ ይለጥፋል። ቁጠሪያቸው።»

ዘጠኝ ናቸው። ስምንቱ ለሁለት ተሰንጥቀዋል። ዘጠነኛው የማክሰኞ ነው፤ ኖራው እንኳ ገና አልደረቀም። እሱም ተሰንጥቋል።

«ከምን የመጣ ነው?»

«ከእኛ» አለ ጄቤዝ። «ማዕድኑ ከዚህ ሥር ያልፋል። አያቶቻችን ጸሎት ቤቱን እንዲደግፍ ብለው አንድ ትልቅ አለት ሳይነኩ ትተው ነበር። እኛ በገባንበት ዓመት አለቃው እሱንም ቁረጡ አለን፤ ቆርጠን አወጣነው። እኔና ሄንደር። ሰኞ ከሥሩ እየቦረቦርን፣ እሑድ ከላዩ ሆነን እንዘምር ነበር።»

«ለምን አልነገረኝም? እኔን፣ ሚስቱን!»

«ምን ብሎ ይንገርሽ? የእናትሽን ቦታ፣ የሮዳን ቦታ ያፈረስኩት እኔ ነኝ ብሎ? ስንቴ ንገራት አልኩት። ‹እውነቱን አውቃ ከምትጠላኝ፣ ስለ ነፋሱ ትጥላኝ› አለኝ።»

ታምሲን ወደ ሳንቃው ልትሄድ ተነሣች፤ ጄቤዝ ክንዷን ያዘ። «እዚያ አትጠጊ። እሱም ቢኖር አያስጠጋሽም።» ካለችበት ሆና የሮዳን ጭረት አየችው። ልትነካው አልቻለችም። ከዚህ በኋላ መቼም አትነካውም። በማን ልትቆጣ ነው? የምትቆጣበት ሰው ሳጥን ውስጥ ነው። ይቅር በለኝ ብትለውም አይሰማም።

«ለፓስተሩ ንገርልኝ» አለች ኋላ። «ሬሳው እዚህ አይገባም። ቅዳሜ ተሸካሚዎቹ መንገዱ ላይ ያስቁሙት፤ ከግድግዳው ራቅ አድርገው። እዚያው ይዘመርለት፤ ዝናብ ቢጥልም ይጣል።»

ልትወጣ ስትል በበሩ ጥግ ያለውን አግዳሚ አየችው። ትራሷ ሄንደር እንዳስቀመጠው ነው፤ የመዝሙር መጽሐፏም። አንድም ቀን ያልተቀመጠችበት ውስጠኛው ቦታ አቧራ ለብሷል። በመዝጊያው በኩል ያለው ዳር ግን ንጹሕ ነው፤ ዓመት ተኩል ሙሉ ሄንደር ቦታዋን ትቶላት እየተቀመጠበት ወልውሎታል።

የአግዳሚውን መዝጊያ ከፍታ ዳሩ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ትራሷ ወዳለበት ወደ ውስጥ ጠጋ አለች።

ጄቤዝ መቆም ደከመው፤ ሽማግሌ ነው። «እስኪ እኔም ትንሽ ልረፍ» ብሎ ባዶው ቦታ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

ታምሲን መዳፏን ጣውላው ላይ አሳረፈች።

«ሰው አለው» አለችው።