ከላይ የወረደ፣ ከታች የወጣ

ሊዲያ የእንጀራ እናቷን መጠርጠር የጀመረችው አባቷ እራት ላይ አንድ ጉርሻ ውጠው ደረታቸውን የያዙ ዕለት ነው።

"ምን ሆንክ አባዬ?"

"ምንም። ትንሽ ያቃጥለኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ወይዘሮ ዙፋን ቀደም ብለው መለሱ። "አሁን አሁን ብሶበታል። ሐኪም ይይህ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ።"

አቶ ገብረጻድቅ ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና ያሳለፉ፣ ቢያማቸውም የማይናገሩ ሰው ናቸው። የሊዲያ እናት ካረፉ በኋላ ገላን ኮንዶሚኒየም ብቻቸውን ከርመው፣ አቃቂ በሰቃ ሰፈር ልብስ የሚሰፉትን ወይዘሮ ዙፋንን አገቡ። ሊዲያ አፏ እሺ ቢልም ልቧ እሺ አላለም። ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ሥራዋ የዕቃ ማሸጊያ መፈተሽ ነው፤ ደህና የሚመስለውን ሁሉ ገልብጦ ማየት ለምዶባታል። እናቷ በነበሩበት ጊዜ አባቷ ስለ ማቃጠል ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ይህቺ ሴት በገባች ማግስት ታመሙ። ቤቱ ደግሞ በአባቷ ስም ነው፤ ቢሞቱ ለሚስታቸው ይቀራል።

አንድ እሑድ ሳትደውል ሄደች። ወይዘሮ ዙፋን ወጥ ቤት ቆመው ነጭ ዱቄት በብርጭቆ ውሃ ያማስላሉ። ሊዲያን ሲያዩ ማሸጊያውን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ለሆዱ ነው።"

"ልየው?"

"አባትሽን ጠይቂው" አሉና ብርጭቆውን ይዘው ወጡ። ሊዲያ ተከትላ ገብታ አባቷ ጠጥተው ያስቀመጡትን ባዶ ብርጭቆ አሸተተችው። ምንም አይሸትም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

ከዚያ ወዲያ ለአባቷ በምሳ ዕቃ ምግብ ማመላለስ ጀመረች። ወይዘሮ ዙፋን ምንም ሳይሉ ይቀበሏትና ምሳ ዕቃውን አጥበው ይመልሱላታል። ሕመሙ ግን አልቀነሰም። በመጨረሻ አቶ ገብረጻድቅን መዋጥ ሲያስቸግራቸው፣ ሊዲያ ሚስታቸውን ቤት ትታ እሳቸውን ብቻ ሆስፒታል ወሰደች። አባቷ ልብስ ሲቀይሩ ዶክተር ተስፋሚካኤልን ጠጋ አለችው።

"ዶክተር፣ ሰው የሰጠው ነገር ካለ ይታያል?"

"እንደ ምን ያለ?"

"መርዝ። በረኪና። እኔ እንጃ።"

ሐኪሙ ትንሽ አያት። "ገብተን እናያለን" አለ።

ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሯቸው አስገብቶ አየ፤ ናሙናም ወሰደ። ውጤቱ እስኪደርስ ሊዲያ አባቷን እሷ ዘንድ አሳረፈቻቸው። በራሷ እጅ ሠርታ አበላቻቸው፤ አሁንም ደረታቸውን ያዙ። "ቀድሞ የገባው ገና አልወጣም" አለች ለራሷ። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ማስረጃ አያጣም።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ዶክተሩ ሁለቱንም አስቀምጦ ካሜራው ያነሣውን ሥዕል ከፈተላቸው።

"የውስጥ አካላችን ኤፒቴልየም የሚባል ልባስ አለው። እንደየቦታው ሥራ ይለያያል። የአየር ቧንቧው ጥቃቅን ፀጉር አለው፤ አቧራ ጠርጎ ያወጣል። የምግብ ቧንቧው እንደ አፋችን ውስጥ ነው፤ ጠፍጣፋ ህዋሳት ተደራርበውበታል። ምግብ ሲፍቀው የላይኛው ይረግፋል፣ ከሥር ሌላ ይተካል። ፍትጊያ ይችላል፣ አሲድ ግን አይችልም። ጨጓራ ደግሞ ረጃጅም ህዋሳት በአንድ ረድፍ ተጠጋግተው ቆመውበታል፤ የሚያዝለገልግ ፈሳሽ ስለሚያመነጩ የራሱ አሲድ አይበላውም።"

ጣቱን ከቧንቧው ግርጌ ወደ ቀላው ቦታ አወረደ።

"እዚህ ጋ ጠፍጣፋዎቹ በረጃጅሞቹ ተተክተዋል። ሰውነት ከጨጓራ የሚወጣውን አሲድ ለመቋቋም የለወጠው ነው።" ከዚያ ወደ ሊዲያ ዞረ። "በረኪና ቢሆን አፍንም ጉሮሮንም እያቃጠለ ይወርድ ነበር። የላዩ ግን ንጹሕ ነው። ይሄ ከላይ የወረደ አይደለም፤ ከታች የወጣ ነው። የዓመታት ሥራ ነው። አባባ፣ መቼ ጀመረዎት?"

አቶ ገብረጻድቅ መሬት መሬት አዩ። "ሊዲያ ገና ተማሪ ሳለች።"

"ለምን አልነገርከንም?" አለች ሊዲያ።

"እናትሽ ታማ ነበር። ስንት በሽተኛ ታስታምሚ?" ወደ ሥዕሉ ቀና አሉ። "ዙፋን ግን ተደብቄ ቤኪንግ ሶዳ ስበጠብጥ ያዘችኝ። የሶዳውን ነገር ለልጄ እንዳትነግሪ ብዬ አስማልኳት። ከዚያ ወዲህ ራሷ ትበጠብጥልኛለች።"

ሊዲያ ፊቷ ጋለ። ሕመሙ ከዙፋን ጋር አልመጣም፤ ከዙፋን ጋር የመጣው ስለ ሕመሙ ማውራቱ ነበር።

ዶክተሩ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ችላ ከተባለ ግን ወደዚያ ሊሄድ እንደሚችል ነገራቸው። መድኃኒት አዘዘ፤ በሶዳው ፋንታ እሱን እንዲወስዱ፣ ለክትትል እንዲመለሱ፣ የአልጋቸው ራስጌም ከፍ እንዲል መከረ።

ገላን ሲደርሱ ወይዘሮ ዙፋን በር ላይ ጠበቋቸው። ሊዲያ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ካንሰር አይደለም?"

"አይደለም።"

ወይዘሮ ዙፋን ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሊዲያ ቆማ ቀረች።

"እትዬ ዙፋን፣ ያ ምሳ ዕቃ..."

"ገብቶኛል። ብርጭቆውን ስታሸቺም አይቼሻለሁ።" ድምፃቸው አልከረረም፣ አልለሰለሰምም። "ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሆስፒታል ይዘሽው ስትሄጂ ግን እሰይ ነው ያልኩት። እኔማ ለምኜ አቅቶኛል።"

ወይዘሮ ዙፋን ተነሥተው ከደረጃው ሥር ሁለት ብሎኬት አመጡና መኝታ ቤት ገቡ።

"ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢ።"

አልጋውን ከራስጌው አንሥተው ብሎኬቶቹን በእግሮቹ ሥር አስገቡ። አቶ ገብረጻድቅ በሩን ተደግፈው ያያሉ።

"ቁልቁለት ላይ ልታስተኙኝ ነው?" አሉ።

ወይዘሮ ዙፋን አልጋውን ወዝወዝ አድርገው ሞከሩት። "ያንቺ ጎን ይነቃነቃል" አሉ፤ ሊዲያ ተንበርክካ ብሎኬቱን ማስተካከል ጀመረች።