የገበር ኪስ

ሰፈሩ ልብስ ሰፊዋን «መርፌ» የሚላት በሙያዋ ብቻ አይደለም፤ በምላሷም ነው። ባሏን ሲጋራ ሳምባውን በልቶ ከገደለባት ወዲህ ደግሞ ምላሷ ይበልጥ ተስሏል። የሰፈሩ በጎ አድራጎት ማኅበር «ልጆቻችንን ከሲጋራ እናድን» ብሎ ሲነሳ ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች። ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷንም ጭስ ላይወስድባት ምላለች።

የማኅበሩ ሥራ ሲያወሩት ቀላል ነው። አባላቱ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ያሉትን ሱቆች እየዞሩ፣ ባለቤቶቹን እየለመኑም እየተቆጡም፣ ለተማሪ ሲጋራ በፍሬ እንዳይሸጡ ቃል ያስገባሉ። ብዙዎቹ እሺ ብለዋል፤ አንዳንዱ ከልቡ፣ አንዳንዱ ከጭቅጭቁ ለመገላገል። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው ባለኪዮስክ፣ የመርፌ ታናሽ ወንድም ነው።

«መቼም ወንድምሽ ነው፣ አንቺን ይሰማሻል» አሏት የማኅበሩ ሊቀ መንበር። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ጮክ ብሎ መናገር ኃጢአት የሚመስላቸው ሰው።

መርፌም አዝላ ያሳደገችው ወንድሟ ነውና እንቢ አይለኝም ብላ ሄደች። በክንዷ ላይ ለአንድ ተማሪ ሰፍታ የጨረሰችውን የዩኒፎርም ጃኬት አንጠልጥላለች።

«እኔ አልሸጥም ብል ሌላው ይሸጣል» አላት። «ደግሞ ለተማሪ ስሸጥ ማን አየኝ?»

«ዓይን ያለው ሁሉ!»

«እሺ እትዬ፣ እኔ ክፉ ነኝ እንበል። አንቺስ? መደበቂያውን የሰፋሽላቸው አንቺ አይደለሽ?»

«የምን መደበቂያ?»

ሳቀባት። ጃኬቱን ከክንዷ ላይ ወሰደና ገለበጠው። በገበሩ በኩል፣ ከብብቱ ዝቅ ብሎ፣ ቀጭን ኪስ አለ። ከፓኮ አንድ ፍሬ መዝዞ ከተተበት። ሲጋራው ሰተት ብሎ ገባ፤ ጫፉ እንኳ አልታየም።

የዚህ ኪስ ነገር እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጠየቀቻት የገዛ ልጇ ናት፤ «እማ፣ ለእስክሪብቶ የምትሆን ቀጭን ኪስ በውስጥ በኩል ሥሪልኝ» አለቻት። ከዚያ ጓደኞቿ መጡ፤ ከዚያም እናቶች ራሳቸው «የኔንም ልጅ እንደ ልጅሽ አድርጊልኝ» እያሉ ደጇን አጣበቡት። መርፌ ልጆቹ ለትምህርት ልባቸው ተነሳ ብላ ደስታዋን አልቻለችውም ነበር። ሁሉን ነገር በሜትር የምትለካ ሴት፣ አንድ ቀን እንኳ እስክሪብቶ አምጥታ አልለካችበትም።

ቤቷ ስትገባ የልጇ ጃኬት ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ኪሱን ገለበጠችው። ቡናማ የትምባሆ ብናኝ መዳፏ ላይ ረገፈ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ጃኬቱን ለጓደኛዬ አውሼያት ነበር።»

«አጥፍቻለሁ፣ ማሪኝ በይኝ እንጂ አትዋሺኝ!»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ሟቹ ባሏም ሲጋራውን ከጀርባው ደብቆ ልክ እንዲህ ይምልላት ነበር።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስታ ሁሉን ተናገረች። ኪሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ፣ የሰፋሁትንም መልሼ እዘጋለሁ አለች። የሊቀ መንበሩ ፊት አመድ መሰለ።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር ከወጣ እኮ መሳቂያ መሆናችን ነው። ሲጋራ ተዉ የሚል ማኅበር አባል የሲጋራ ኪስ ስትሰፋ! እባክሽ እዚሁ ይቅር። ወንድምሽንም ለጊዜው ተይው፤ ሲነካኩት እልህ ይጋባል።»

«ይጋባ ጋሼ! እልህ እኔም አላጣሁ።»

«እንግዲህ በማኅበሩ ስም አይሆንም።»

«በራሴ ስም ነዋ! መርፌ የሚባል ስም አለኝ።»

በማግስቱ ማለዳ የስፌት መኪናዋን ተሸካሚ አሸክማ ከወንድሟ ኪዮስክ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። በርጩማዋን ሳበችና ጀርባዋን ለወንድሟ፣ ፊቷን ለትምህርት ቤቱ በር ሰጥታ ተቀመጠች። ተማሪው መጉረፍ ሲጀምር መርፌ ፊት ማየት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ጃኬቱን ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት። የማን እጅጌ እንደረዘመ፣ የማን ትከሻ እንደወረደ በቃሏ ታውቃለች።

«አንተ እጅጌህን ያስረዘምኩልህ! ና፣ ያን ኪስ ልዝጋልህ፣ በነፃ ነው! የሰፋሁት እኔ ነኝ! ለሲጋራ መሆኑን ሳላውቅ ሰፋሁት፤ አሁን ግን አውቄያለሁ!»

ልጆቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። አንድ ወደል ጎረምሳ ብቻ ጠመኔ በጣቶቹ መሃል ይዞ የሚያጨስ መስሎ አላገጠባት። «ጠመኔውን ወደ ክፍል መልሰው፣ ለመማሪያ ነው የተገዛው!» አለችው፤ የሳቁት የገዛ ጓደኞቹ ነበሩ።

«እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ወንድሟ ከውስጥ።

«ሥራዬን።»

«ቤት የለሽም?»

«አለኝ። ብርሃን ያንሰዋል።»

«ደንበኞቼን እኮ አባረርሽብኝ!»

«ለተማሪ ስሸጥ ማን አየኝ አላልከኝም? የተባረሩት ተማሪዎች ናቸው፤ ታዲያ ምን ጎደለብህ?»

ወንድሟ ደንብ አስከባሪ ጠራባት። መርፌ ከመቀመጫዋ ንቅንቅ ሳትል፣ ሰውዬው የራሱን ልጅ ጃኬት ገበር ገልብጦ እንዲያይ መከረችው። ደንብ አስከባሪው ትንሽ አሰበና ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል አላለፈም። ፀሐይ ሲበረታ ነጠላዋን ጣል ታደርጋለች፣ ሲዘንብ መኪናዋን በላስቲክ ትሸፍናለች። ሊቀ መንበሩ በማዶው በኩል እንዳላየ ሆነው ያልፋሉ። አንዳንድ ልጅ ግን ግራ ቀኙን አይቶ ጃኬቱን ጣል ያደርግላትና ኪሱን ትዘጋለታለች።

የገዛ ልጇ ብቻ በዚያ በር መውጣት ተወች። በጓሮው በር እየዞረች ትሄዳለች፤ ቤት ስትገባም ታኮርፋለች።

«አዋረድሽኝ» አለቻት አንድ ቀን። «'የመርፌ ልጅ' እያሉ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ! ስቆ ሳምባው የተቃጠለ ሰው አላየሁም።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። የሌላ ሰው ልጅ ሁሉ ኪሱን ቢያዘጋ፣ የሷ ልጅ ካልመጣች ለእሷ ምኗ ነው? እንደ አባቷ እያሳለች ስትከሳ እየታያት፣ ያም ሆኖ በማግስቱ መኪናዋን አሸክማ ወጣች።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከትምህርት በኋላ፣ ልጇ በፊት ለፊቱ በር ወጣች። ጓደኞቿ ከኋላዋ ቆመው ያያሉ። ቀጥ ብላ መጣችና ጃኬቷን አውልቃ መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

«የኔንም ዝጊው።»

መርፌ እንደ ልማዷ ኪሱን በጣቷ ስትዳብስ አንድ ፍሬ ሲጋራ አገኘች።

«ሲጋራ አለበት» አለች።

«አውቃለሁ። እዚህ መቀመጥ ሳትጀምሪ በፊት የገዛሁት ነው። ሁልጊዜ ላጨሰው ብዬ አወጣዋለሁ፤ የአንቺ ጩኸት ክፍል ድረስ ይሰማል፣ መልሼ እከተዋለሁ።»

«ከማን ነው የገዛሽው?»

ልጅቱ ወደ ኪዮስኩ መስኮት ቀና አለች።

«ከኔ?» አለ ወንድሟ ከውስጥ እየጮኸ። «እኔ ላንቺ ሲጋራ ልሸጥ? የእናቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

«ሸጠህልኛል አጎቴ። በዚህች ቀዳዳ የምታየው እጄን ነው። እጅ ሲገባ ሲጋራ ትሰጣለህ። የማን እጅ ነው ብለህ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብለህ አላየኸኝም።»

የኪዮስኩ የጎን በር ተከፈተና አጎቷ ወጣ። ከእህቱ ልጅ ፊት ቆሞ ፊቷን አየው፤ ደጋግሞ አየው። አባቷ የሞተ ዕለት እቅፉ ውስጥ ያስተኛት እሱ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

መርፌ ልጇን ማቀፍም ፈለገች፣ ወንድሟን በጥፊ ማጮልም ፈለገች። ሁለቱንም ትታ ጃኬቱን ከመርፌው ሥር አስገባችና ፔዳሉን ረገጠች። ዓይኗ ስለፈዘዘ ስፌቱ ተጣመመ፤ ፈትታ እንደገና ሰፋችው።

«እትዬ» አለ ወንድሟ በመጨረሻ። «ነገ አትምጪ። ለተማሪ አልሸጥም።»

«እመጣለሁ።»

«በእናታችን! አልሸጥም አልኩሽ እኮ!»

«እኔም እመጣለሁ አልኩህ» አለችው፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ጃኬቱን ለልጇ እያለበሰች። «ዛሬ ያየኸው የአንዷን ፊት ነው። የሌሎቹንም ፊት እስክታይ ድረስ እመጣለሁ።»