መሀሉ የጎደለ እንቆቅልሽ

«ወንዝ ነው እንጂ ዝናብ አይደለም» አለ ታክሲ ነጂው ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የሻይ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «ሰውዬው ወንዝ ተሻገረ፤ ልብሱ ግን አልራሰም። እንዴት? ይኼው ነው።»

«ተው እንጂ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤት። «ሟቹ ለባሌ ሲነግረው ጃንጥላ ነበረበት። ሁለት ሰዎች በአንድ ጃንጥላ ሄደው አንዱ ብቻ ራሰ።»

ከዚያ ሁሉም ወደ ሟቹ ሴት ልጅ ዞሩ። ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ የሚጠይቋት ይህንኑ ነው፤ መልሱን ነግሮሽ ነበር? አልነገራትም። እንቆቅልሹን ራሱን እዚህ ለቅሶ ላይ ነው የሰማችው።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር። መቀሱን እያንቀጫቀጨ ለደንበኛው አንድ እንቆቅልሽ ይነግረዋል፤ መልሱን ግን ለሚቀጥለው ቆረጣ ያቆየዋል። «ፀጉር ቶሎ አያድግም፤ የሰው ጉጉት ግን በሳምንት ጆሮ ይሸፍናል» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ፀጉራቸው ሳይደርስ የሚመጡ ነበሩ። አሁን ሞተና መንደሩ በሙሉ መልስ እንዳጣ ቀረ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንዲሉ፣ የሟች እንቆቅልሽም በየአፉ እየረዘመ ሄደ።

አክስቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «"ለልጄ ብቻ ነው የምነግራት" ብሏል አሉ። ምናለ ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ።»

ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ለቀስተኛ መቼም ዝም ብሎ ማጽናናት አይሆንለትም። ልጅቷ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የምታስተምረው ሩቅ ከተማ ነው። በደወለች ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ጉንፋን ነው» ይላትና፣ «መቼ ነው የምትመጪው? የምጠይቅሽ ነገር አለ» ይጨምራል። «በስልክ ጠይቀኝ አባዬ» ትለዋለች። «በስልክ አይሆንም።» ፈተና አርሜ ልጨርስ ስትል እሱ ዕድሜውን ጨረሰ። አንድ ነገር አስቀምጦላት ነበር፤ መጥታ አልወሰደችውም።

ከሰዓት በኋላ ጫማ ሰፊው መጣ። የእሱና የአባቷ ሱቅ የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የአባቷን ድምፅ ሲሰማ የኖረ ሰው። ከጓዳው በር አጠገብ ይዛው ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል። መልሱ ምንድን ነው?»

ሰውዬው ግራ ገባው። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታውቂው?»

«ለእኔ ሊነግረኝ አስቀምጦት ነበር አሉ።»

«ማነው ያለሽ? "ልጄ ስትመጣ ትነግረናለች" ነው ያለው። መሀሉ ጠፍቶበት ነበር እኮ። "ሰውዬው በዝናብ መጣ፤ ባርኔጣ የለው፣ ጃንጥላ የለው፤ ከላይ እስከ ታች ራሰ" ይልና እጁን አናቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ዝም። ደንበኛው እንዳያውቅበት ታዲያ ያገኘውን ይሞላበታል። ለአንዱ ወንዝ፣ ለአንዱ ጃንጥላ።»

«ለምን አናቱ ላይ?»

ጫማ ሰፊው አንገቱን ደፋ። «የካንሰሩ መድኃኒት ፀጉሩን ጨርሶት ነበር፣ የኔ ልጅ። የቀረችውን እኔ ነኝ የላጨሁት፣ እዚያው ወንበሩ ላይ። ከዚያ ወዲያ ሱቁን አልከፈተም። አንቺ እንዳትሰሚ ብሎ አደራ አለኝ።»

ያን ጊዜ እንቆቅልሹን አወቀችው። ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው፤ ሱቁ አግዳሚ ላይ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣለች። መላጣው ፖስተኛ ዝናብ ሲያባርረው ገባ፤ ከሸሚዙ ውኃ ይንጠባጠባል። እሷም ትኩር ብላ አይታው፣ «አባዬ፣ ሁሉ ነገሩ ራሰ፤ አንድም ፀጉሩ ግን አልራሰም» አለች። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ፖስተኛው ነው። አባቷ መቀሱን አስቀምጦ እንባውን ጠረገ፤ ከዚያም ቀጥሎ ለገባው ሰው እንቆቅልሽ አድርጎ ነገረው። የሱቁ ልማድ የተጀመረው በዚያ ቀን ነው።

የራሷን እንቆቅልሽ ሊጠይቃት ነበር ቀን ሲቆጥር የኖረው። መሀሉ በእርግጥ ጠፍቶበት ይሁን፣ ወይስ «ፀጉር» ማለት አቅቶት፣ ከእንግዲህ የሚነግራት የለም።

«የሱቁን ቁልፍ ይስጡኝ» አለችው።

ሱቁ የታልክ ዱቄት ይሸታል። ማበጠሪያዎቹ ብርጭቆ ውስጥ ቆመዋል። ወንበሩ ጫማ ሰፊው አባቷን ሲላጭ ከፍ እንዳደረገው ነው፤ ያወረደው የለም። ከኋላው ቆመች፤ አባቷ ይቆምበት በነበረው ቦታ። እጇን በሰው አናት ልክ ራስ መደገፊያው ላይ አሳረፈች።

«ሰውዬው በዝናብ መጣ» አለች። «ባርኔጣ የለው፣ ጃንጥላ የለው። ሁሉ ነገሩ ራሰ፤ አንድም ፀጉሩ ግን አልራሰም።»

መስታወቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ከዚያ ደንበኛ ጨርሶ ሲነሳ እንደሚደረገው፣ ፔዳሉን ረግጣ ወንበሩን ቀስ አድርጋ ዝቅ አደረገችው።